ብረት የገባበት ቅልጥም መግል ማውጣቱን አላቆመም፦ አንቲባዮቲክ ለምን አይፈውሰውም?

ጥያቄ፦ የታማሚ እህት፣ ከደሴ

ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ ስለ ታናሽ ወንድሜ ነው። ወደ ሦስት ዓመት ገደማ ይሆነዋል፣ የተሳፈረበት ባጃጅ ተገልብጦ የቀኝ እግሩ ቅልጥም ተሰበረ፤ አጥንቱም ቆዳውን ቀዶ ወጥቶ ነበር። ሐኪሞች አጥንቱን አስተካክለው በውስጡ ረጅም ብረት አስገቡለትና ቁስሉ ተሰፍቶ ወደ ቤት ተመለሰ። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ከስፌቱ ዝቅ ብሎ ያለው ቆዳ ቀላ፣ አበጠ፣ ከዚያም ትንሽ ቀዳዳ ከፍቶ መግል ማውጣት ጀመረ።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ ያልወሰደው አንቲባዮቲክ የለም ማለት ይቻላል። አሞክሲሲሊን፣ ኦግመንቲን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ የሴፍትሪያክሶን መርፌ፣ ሁሉም በየተራው ታዞለታል። መድኃኒቱን በሚወስድበት ሰሞን መግሉ ይቀንሳል፣ አንዳንዴም ቀዳዳው ደርቆ ይደፈናል፤ መድኃኒቱ ካለቀ ከሳምንታት በኋላ ግን እግሩ ይጠዘጥዘዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ቀዳዳውም ተመልሶ ይከፈታል። ከሁሉ በላይ ግራ ያጋባን የካልቸሩ፣ ማለትም ባክቴሪያውን በላብራቶሪ አሳድጎ የሚለየው ምርመራ፣ ውጤት ነው። ከቀዳዳው በጥጥ ተወስዶ በተሠራው ምርመራ ፕሮቲየስ የሚባል ባክቴሪያ መገኘቱና ሲፕሮፍሎክሳሲን እንደሚገድለው ተጽፏል። ይገድለዋል የተባለውን መድኃኒት በታዘዘው መጠን ሳያስተጓጉል ወስዶ ለምን አልዳነም?

ያየው አንድ ሐኪም ብረቱ መውጣት አለበት ብለውናል፤ ሌላው ደግሞ አጥንቱ ገና በደንብ ስላልገጠመ ብረቱ ይቆይ ብለዋል። ዘመዶቻችን ወጌሻ ዘንድ ውሰዱት ይሉናል፤ ጀርመን ያለች የአክስቴ ልጅ በበኩሏ ባክቴሪያን የሚገድሉ ቫይረሶች እንዳሉ ሰምታ እርሱን ብንሞክር ትላለች። ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነው፤ የስፌት መኪናውን መርገጥ ስላቃተው ሥራ ካቆመ ቆይቷል። ከዚህ ሁሉ የበለጠ ጠንካራ መድኃኒት ቢገኝ ያለ ቀዶ ሕክምና ሊድን ይችል እንደሆነ የምታውቁ ብታስረዱኝ ውለታችሁን አልረሳም።

መልስ፦ የአጥንት ቀዶ ሐኪም፣ ከአዲስ አበባ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ለወንድምዎ ምሕረቱን ይላክለት። እርሱን ሳላየውና ራጁን ሳልመለከት ስለ እግሩ በተለይ መወሰን አልችልም፤ በሽታው የሚሠራበት መንገድ ግን የታወቀ ስለሆነ ይህን በሰፊው ላስረዳ፤ ምክንያቱም ይህ ካልገባን ከአንዱ መድኃኒት ወደ ሌላው መዝለሉ አያበቃም።

አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ በወጣ ጊዜ የገቡት ባክቴሪያዎች በደም ውስጥ ለየብቻቸው እንደሚንሳፈፉት አይደሉም። በብረቱ ገጽና የደም ሥሩ በተቋረጠበት አጥንት ላይ ይለጠፋሉ፤ ከዚያም ከስኳር ሰንሰለቶች፣ ከፕሮቲንና ከሞቱ ባክቴሪያዎች ከሚወጣ ዲ ኤን ኤ የተሠራ አጣባቂ ልባስ ያመርቱና በውስጡ ተሸሽገው በጋራ ይኖራሉ። ይህ ባዮፊልም ይባላል። በእንስራ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ የተጋገረ ሙልጭልጭ ውሃ በማንቦጫቦጭ እንደማይለቅና በግራዋ መታሸት እንደሚያስፈልገው ሁሉ፣ ይህም ልባስ መድኃኒት ስለፈሰሰበት ብቻ ከተለጠፈበት አይነሣም።

ላብራቶሪው ሲፕሮፍሎክሳሲን ይገድለዋል ብሎ የጻፈው ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ያ ምርመራ የሚሠራው ባክቴሪያው በላብራቶሪ ውስጥ እንደልቡ ተመግቦ፣ በነጻነት በሚራባበት ሁኔታ ነው። ያው ባክቴሪያ ባዮፊልም ውስጥ ሲሆን እርሱን ለመግደል የሚያስፈልገው የመድኃኒት ክምችት ከመቶ እስከ ሺህ እጥፍ ሊጨምር ይችላል፤ ይህን ያህል መድኃኒት ደግሞ በአፍም ሆነ በደም ሥር ለሰው መስጠት አይቻልም፣ ታማሚውን ይመርዛልና። ምክንያቱ ልባሱ መድኃኒቱን ስለሚከለክል ብቻ አይደለም። ከልባሱ በታች ያሉት ባክቴሪያዎች ምግብና ኦክስጅን ስለሚያጥራቸው መራባታቸውን ያቆማሉ፤ አብዛኞቹ አንቲባዮቲኮች ደግሞ የሚገድሉት በመራባት ላይ ያለውን ባክቴሪያ ነው። አየርላንዳዊው ጆሴፍ ቢገር እ.ኤ.አ. በ1944 ፔኒሲሊን የስታፍ (ስታፍሎኮከስ) ባክቴሪያን ፈጽሞ እንደማያጠፋ፣ ከሚሊዮን አንድ ያህል የሚሆኑት ያለ ምንም የዘር ለውጥ ተኝተው እንደሚተርፉ አሳይቶ ነበር። ወንድምዎ መድኃኒቱን ሲጨርስ የሚነቁት እነዚህ ናቸው። መድኃኒቱ በሚወሰድበት ሰሞን መግሉ የሚቀንሰው ከልባሱ ወጥተው የሚንሳፈፉት ስለሚሞቱ ነው፤ ምንጩ ግን በቦታው ይቆያል።

በዚህ ላይ የሞተው አጥንት አለ። አደጋው የአጥንቱን ሽፋን ሲገፈው ለአጥንቱ የሚደርሰው ደም ይቋረጣል፤ የሞተው ቁራጭ ከሕያው አጥንት ተለይቶ በመግል መካከል ይቀመጣል። አንቲባዮቲክ ወደ አንድ የሰውነት ክፍል የሚደርሰው በደም ነው። ደም ወደማይደርስበት አጥንት የትኛውም መድኃኒት አይደርስም፤ ስለዚህ ጠንካራ መድኃኒት ቢገኝ ለሚለው ጥያቄዎ መልሴ አይሆንም የሚል ነው። ይህን በግልጽ መናገር የሚያስፈልገው፣ ብዙ ቤተሰብ ያለውን ጥሪት በውድ መርፌዎች ከጨረሰ በኋላ ለዋናው ሕክምና ገንዘብ አጥቶ ስለማየው ነው።

ዋናው ሕክምና ቀዶ ሕክምና ነው፤ አንቲባዮቲክ የእርሱ ረዳት ነው። በቀዶ ሕክምናው የሞተው አጥንትና ሥጋ ሁሉ፣ የቀረው አጥንት ደም ማንጠብጠብ እስኪጀምር ድረስ፣ ይወገዳል። ስስት እዚህ ላይ አይጠቅምም፤ ተረፈ የተባለች ትንሽ የሞተ ቁራጭ በሽታውን እንደገና ትጀምረዋለች።

ሁለቱ ሐኪሞች ስለ ብረቱ የተለያየ ነገር መናገራቸው እንዳያስደነግጥዎ፤ ሁለቱም ምክንያት አላቸው። ስብራቱ የሚነቃነቅ ከሆነ ኢንፌክሽኑም አይድንም፣ አጥንቱም አይገጥምም፤ ስለዚህ ብረት አውጥቶ እግሩን ያለ ድጋፍ መተው ትልቅ ጥፋት ነው። ኢንፌክሽኑ ቀዶ ሕክምናው ከተደረገ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውስጥ ተደርሶበት ቢሆን ኖሮ ባዮፊልሙ ገና ስላልጠነከረ፣ ብረቱም ካልላላ፣ ቁስሉን ከፍቶ በሚገባ በማጽዳትና ተገቢውን መድኃኒት በመስጠት ብረቱን ማቆየት ይቻል ነበር። ዓመታት ላለፉት ኢንፌክሽን ግን ይህ መንገድ ብዙ ጊዜ አያዋጣም። አጥንቱ ገጥሞ ከሆነ ብረቱ ይወጣል፤ የነበረበትም ቦታ ከውስጥ ተፍቆ ይታጠባል። ካልገጠመ ደግሞ የቆየው ብረት ወጥቶ በምትኩ ከቆዳ ውጭ የሚታሰር ብረት ወይም አንቲባዮቲክ በተቀላቀለበት የአጥንት ሲሚንቶ የተለበጠ አዲስ ብረት ይገባል። ጄንታማይሲን ወይም ቫንኮማይሲን የተቀላቀለበት ሲሚንቶ ጥቅሙ፣ በደም ሊደረስበት የማይችለውን ከፍተኛ ክምችት እዚያው በቦታው መልቀቁ ነው።

የተወገደው አጥንት ረጅም ከሆነ ባዶውን ቦታ የመሙላት ሥራ ይከተላል። በሳይቤሪያዋ ኩርጋን ይሠራ የነበረው ኢሊዛሮቭ ያስፋፋው ዘዴ ጤናማውን አጥንት ከሌላ ቦታ ቆርጦ በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል በማንቀሳቀስ ባዶው በአዲስ አጥንት እንዲሞላ ያደርጋል። ለወራት የሚዘልቅ፣ ትዕግሥት የሚፈትን ሕክምና ነው፤ ሆኖም እግር ከመቆረጥ የዳኑበት ብዙዎች ናቸው። የቅልጥም ፊት ለፊት በቆዳ ብቻ የተሸፈነ ስለሆነ አንዳንድ ጊዜ ከባት ጡንቻ አዙሮ መሸፈንም ያስፈልጋል። ስለዚህ ታማሚው የአጥንትና የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች አብረው በሚሠሩበት ቦታ ቢታይ ይሻላል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አንቲባዮቲኩ በተለምዶ ብረት ከወጣ ለ6 ሳምንት፣ ብረት ከቀረ ለ12 ሳምንት ያህል ይሰጣል። ይህ ሁሉ ጊዜ በመርፌ መሆን አለበት የሚለው እምነት ተቀይሯል። በብሪታንያ 26 ማዕከላት 1,054 ታማሚዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ኦቪቫ የተባለ ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት በአፍ የወሰዱት በደም ሥር ከወሰዱት ያነሰ ውጤት እንዳላገኙ አሳይቷል፤ በዓመቱ ሕክምናው ያልሠራላቸው በአፍ ከወሰዱት 13.2 በመቶ፣ በደም ሥር ከወሰዱት 14.6 በመቶ ነበሩ። ከደሴ እየተመላለሰ መርፌ መወጋት ለሚከብደው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ ያቁም፤ ስኳሩም ይለካ፤ ሁለቱም አጥንት እንዳይገጥም ያደርጋሉ።

መልስ፦ የማይክሮባዮሎጂ ላብራቶሪ ባለሙያ፣ ከባሕር ዳር

ሐኪሙ ባስረዱት ላይ ስለ ካልቸሩ ልጨምር፤ ምክንያቱም የተሳሳተ ናሙና የተሳሳተ መድኃኒት ያሳዝዛል።

ከቀዳዳው አፍ በጥጥ የሚወሰደው ናሙና በአብዛኛው የሚያሳየው ቀዳዳው ላይ የሰፈሩትን ባክቴሪያዎች እንጂ አጥንቱ ውስጥ ያለውን አይደለም። ፕሮቲየስና ስዩዶሞናስ እርጥበት ባለው የቆየ ቁስል ላይ በቀላሉ ይሰፍራሉ። እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ እንደሚታወቀው፣ ከቀዳዳው የተገኘው ስታፍሎኮከስ ኦረስ ከሆነ ከውስጡ ጋር የመመሳሰል ዕድሉ የተሻለ ነው፤ ሌሎቹ ባክቴሪያዎች ግን ስለ አጥንቱ አስተማማኝ ምስክር አይሆኑም። ስለዚህ ወንድምዎን የሚያሠቃየው ፕሮቲየስ ላይሆን ይችላል፤ የቆየው ሕክምና በሙሉ በተሳሳተ ጠላት ላይ ተተኩሶ ሊሆን ይችላል።

አስተማማኙ ናሙና በቀዶ ሕክምናው ወቅት ከጥልቀት የሚወሰድ የአጥንትና የሥጋ ቁራጭ ነው። ከተለያየ ቦታ 5 ያህል ቁራጮች፣ እያንዳንዱ በተለየ ንጹሕ መሣሪያ ተወስዶ፣ በተለየ ንጹሕ ዕቃ ይቀመጣል። ያው ባክቴሪያ በሁለት ወይም ከዚያ በላይ ናሙናዎች ከተገኘ እውነተኛው ተጠያቂ እርሱ ነው ለማለት ይቻላል፤ በአንዱ ብቻ የተገኘ ግን ከቆዳ የገባ ሊሆን ይችላል። ታማሚው ቢቻል ከቀዶ ሕክምናው በፊት ቢያንስ ለ2 ሳምንት ከአንቲባዮቲክ ርቆ መቆየት አለበት፤ አለዚያ ባክቴሪያው እያለ ካልቸሩ ምንም አላበቀለም የሚል ውጤት ይመጣል። ናሙናውም በላብራቶሪ ከተለመደው 2 ወይም 3 ቀን በላይ እንዲቆይ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ በዝግታ የሚያድጉት እስከ 14 ቀን ድረስ ይፈልጋሉ።

አንድ ነገር በጣም አደራ እላለሁ። ለካልቸር የሚላክ ቁራጭ ፎርማሊን ውስጥ አይግባ። ፎርማሊን ለፓቶሎጂ፣ ማለትም ሥጋውን በማይክሮስኮፕ ለማየት ነው፤ ባክቴሪያውን በሙሉ ይገድላል፤ በእንዲህ ያለ ናሙና ላይ የምንሠራው ምንም የለም፣ ታማሚውን ደግሞ ለዚያ ናሙና ሲባል ሁለተኛ ጊዜ መክፈት አይቻልም። ለካልቸር የሚሆነው በንጹሕ ዕቃ፣ ጥቂት ንጹሕ ሳላይን (የጨው ውሃ) ተጨምሮበት፣ በዚያው ቀን ይድረሰን። ፎርማሊን ውስጥ የሚገባው ሌላ ቁራጭ ለፓቶሎጂ ይላክ፤ ሌላም ቁራጭ ለቲቢ ጂን ኤክስፐርት በሚባለው መሣሪያ ይመርመር፤ በአገራችን የአጥንት ቲቢ እንዲሁ መግል የሚያወጣ ቀዳዳ ይዞ ሊመጣ ይችላልና።

የሚወጣው ብረትም ራሱ ምስክር ነው። ብረቱን ፈሳሽ ውስጥ አድርጎ በድምፅ ሞገድ ማራገፍ የተለጠፈውን ባዮፊልም ያስለቅቃል። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ሥራ በዚህ ዘዴ ከተራገፈው ፈሳሽ የተሠራ ካልቸር በሰው ሠራሽ የዳሌና የጉልበት መገጣጠሚያ ላይ ካለው ኢንፌክሽን 78.5 በመቶውን ሲያገኝ፣ የሥጋ ካልቸር ያገኘው 60.8 በመቶውን መሆኑን አሳይቷል። መሣሪያው በሁሉም ቦታ ስለማይገኝ የሥጋውን ናሙና በጥንቃቄ መውሰዱ የበለጠ ዋጋ አለው።

መልስ፦ ክሊኒካል ፋርማሲስት፣ ከጎንደር

በእንዲህ ያለ ውይይት ላይ ሁልጊዜ የሚነሣ አንድ መድኃኒት ስላለ አስቀድሜ ልጻፍ፤ ሪፋምፒሲን ነው። ሪፋምፒሲን መራባት ያቆሙትን፣ በባዮፊልም ውስጥ የተኙትን ስታፍ ባክቴሪያዎች መግደል ከሚችሉት ጥቂት መድኃኒቶች ዋነኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ የስዊዘርላንድ ጥናት በስታፍ የተያዘ፣ ያልላላና ኢንፌክሽኑ አጭር ጊዜ የሆነው ብረት ያላቸውን 33 ታማሚዎች አካቶ ነበር። ሁሉም በቅድሚያ ቁስላቸው ተከፍቶ ታጥቧል። ሕክምናውን እስከ መጨረሻ ከወሰዱት መካከል ሲፕሮፍሎክሳሲንን ከሪፋምፒሲን ጋር የወሰዱት 12ቱም ሲድኑ፣ ሲፕሮፍሎክሳሲንን ብቻውን ከወሰዱት 12 ሰዎች የዳኑት 7 ናቸው።

ይህን አንብቦ ሪፋምፒሲን ፍለጋ መሄድ ግን አደገኛ ነው። መጀመሪያ ነገር፣ ይህ ጥቅሙ ለስታፍ እንጂ ለፕሮቲየስ አይደለም። ሁለተኛ፣ ብቻውን ከተሰጠ ባክቴሪያው በአንዲት የዘር ለውጥ ብቻ ፈጥኖ ይላመደዋል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ከሌላ ከሚሠራ መድኃኒት ጋር ይሰጣል፤ እርሱም ቀዶ ሕክምናው ተደርጎ፣ ቁስሉ ደርቆ፣ የባክቴሪያው ብዛት ከቀነሰ በኋላ ነው። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ሪፋምፒሲን የቲቢ ሕክምና ምሰሶ መሆኑ ነው። ታማሚው ያልታወቀ ቲቢ ቢኖርበትና ለእግሩ ተብሎ ሪፋምፒሲንና እንደ ሌቮፍሎክሳሲን ያለ መድኃኒት ቢወስድ፣ ቲቢውን ሳያድን ይሸፍነዋል፣ መድኃኒትም እንዲላመድ ያደርገዋል። ስለዚህ የላብራቶሪ ባለሙያው እንዳሉት ቲቢ መጀመሪያ ይመርመር። ከዚህም ሌላ ሪፋምፒሲን የጉበት ምርመራ ያስፈልገዋል፤ ከወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል፣ ከዋርፋሪንና ከኤች አይ ቪ መድኃኒቶች ጋርም ይጋጫል፤ ዶሉቴግራቪር የተባለውን የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድ ሰው መጠኑ 50 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ እንዲሆን ይደረጋል። ሽንት ብርቱካንማ መሆኑ ግን የሚያስደነግጥ አይደለም።

ስለ ሲፕሮፍሎክሳሲንም አንድ ነገር ልበል። ከወተት፣ ከብረት እንክብልና ከጨጓራ ማስታገሻዎች ጋር አብሮ ሲወሰድ ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው ይቀንሳል፤ በጅማት ላይም ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ቀዶ ሕክምናው ሳይደረግ በየጊዜው መደጋገሙ ደግሞ ኋላ፣ በትክክለኛው ሰዓት ሲፈለግ፣ የማይሠራ ያደርገዋል። ያለ ትእዛዝ ከመደብር መግዛቱን ዛሬውኑ እንድታቆሙ እለምናችኋለሁ።

መልስ፦ ነርስ፣ ከብራስልስ

የአክስትዎ ልጅ የሰማችው ሕክምና እውነት ነው፤ ባክቴሪያን ብቻ የሚያጠቁ ፋጅ የሚባሉ ቫይረሶች ናቸው። በጆርጂያ ዋና ከተማ በትብሊሲ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1923 የተመሠረተው የኤሊያቫ ተቋም በዚህ ይታወቃል። እዚሁ ቤልጅየም ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2016 በብራስልስ አውሮፕላን ማረፊያ የቦምብ ጥቃት ጭኗ የተሰበረ ሴት፣ አንቲባዮቲክ በማይበግረው ክሌብሲየላ የተባለ ባክቴሪያ ተይዛ ለሁለት ዓመት ገደማ ብትታከምም ሳይሻላት ቆይቶ፣ በትብሊሲ ለእርሷ ባክቴሪያ ተለይቶ በተዘጋጀ ፋጅ ከታከመች በኋላ ስብራቷ ገጥሟል። ይህ እ.ኤ.አ. በ2022 ታትሟል። ነገር ግን እርሷም ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል፣ አንቲባዮቲክም አብሮ ተሰጥቷታል። ፋጅ የሚመረጠው ለአንድ ሰው ባክቴሪያ ተለይቶ ስለሆነ ትክክለኛው ባክቴሪያ ሳይታወቅ አይጀመርም። በኢንተርኔት ጠርሙስ ለሚሸጥላችሁ ሰው ገንዘብ አትላኩ።

የታማሚው እህት፣ ከደሴ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዶክተር፣ አሁን ሲፕሮፍሎክሳሲን በመውሰድ ላይ ነው፤ በራሳችን ብናቋርጠው ጉዳት ይኖረዋል? ወደ አዲስ አበባ ሪፈር እስኪጻፍለትስ ቀዳዳውን በምን እንያዘው? ወጌሻውን በተመለከተም ምን ትላላችሁ?

የአጥንት ቀዶ ሐኪም፣ ከአዲስ አበባ

ላዘዘለት ሐኪም ለናሙና ሲባል ማቆም እንደምትፈልጉ ነግራችሁ በእርሱ ምክር አቋርጡት። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም በፍጥነት የሚሰፋ እብጠት ከሌለበት የቆየ ኢንፌክሽን የሰዓታት ጉዳይ አይደለም፤ ከእነዚህ አንዱ ከታየ ግን ሪፈር ሳትጠብቁ በዚያው ቀን በአቅራቢያችሁ ወዳለው ሆስፒታል ውሰዱት። ቀዳዳውን በንጹሕ ውሃና በሳሙና አጥባችሁ በንጹሕ ፋሻ ሸፍኑት፤ ዱቄትም ሆነ ቅጠል አይጨመርበት፣ እንዲደፈንም አታስገድዱት፣ መውጫ ያጣ መግል ወደ ውስጥ ይሄዳልና። ወጌሻ እንዳያሸው። ያልገጠመ አጥንት ይናዳል፣ መግሉም ወደ ጤናማው ሥጋ ይገፋል። ለዓመታት የቆየ ቀዳዳ ጠርዙ እየተቆለለ ካደገ፣ ከደማ ወይም ጠረኑ ከተለወጠ ወደ ካንሰር የሚለወጥበት ጊዜ ስላለ ቁራጭ ተወስዶ ይመርመር፤ ይህን ለሚያየው ሐኪም ንገሩት።

ሲመጣ ከአደጋው ቀን ጀምሮ ያሉትን ራጆች በሙሉ ይዞ ይምጣ፤ የአሁኑን ብቻ ካየን አጥንቱ እየገጠመ ይሁን እየሞተ መለየት ይቸግረናል። ብረቱ ከገባበት ሆስፒታል የቀዶ ሕክምናውን ማስታወሻ ጠይቃችሁ፣ የብረቱ ዓይነትና ልክ የተጻፈበትን ወረቀት ጭምር አስገልብጡ። እያንዳንዱ ዓይነት ብረት የሚወጣው በራሱ መሣሪያ ነው፤ ዓይነቱ አስቀድሞ ከታወቀ መሣሪያው ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል።